የሚያውቅ ሰው ይዘህ ሂድ

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሚስቱን ብቻውን መርጦ ያገባል፤ ቤት ብቻውን አይቶ ይከራያል፤ ሥራ ሲለቅም ማንንም አያማክርም። ያገለገለ መኪና ብቻውን ሄዶ የገዛ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። «መኪና ልገዛ ነው» ያለ ሁሉ «እንኳን ደስ ያለህ» ከመባሉ በፊት የሚሰማው አንድ ምክር ነው፦ «የሚያውቅ ሰው ይዘህ ሂድ!»

ምን የሚያውቅ? የት የተማረ? ይህን የሚጠይቅ የለም። የሚያውቅ ሰው ማለት የሚያውቅ ሰው ነው። በየሰፈሩ አንድ አለ። መካኒክ እንዳይመስላችሁ፤ መካኒክማ ይጠረጠራል። ወይ ከደላላው ጋር ተመሳጥሯል፣ ወይ መኪናዋ ነገ ስትበላሽ እንጀራው ናት። የሚያውቅ ሰው ብትገዙም ባትገዙም ሳንቲም የማያገኝ፣ የሰው መኪና ላይ ጉድ ሲያገኝ ግን ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት የሚውል ፍጡር ነው።

የፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚያውቅ ሰው ጋሽ ኤጀታ ናቸው። ማዕረጋቸውን አሟልቼ ልጥራ ካልኩ፦ ክቡር ጋሽ ኤጀታ፣ ኮፈን ከፋች፣ ምንጣፍ ገላጭ፣ ጭስ አሽታች፣ የደላሎች ራስ ምታት። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ የመንግሥት ጋራዥ የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። በእጃቸው አንድ ብሎን ፈትተው አያውቁም፤ ያልቆጠሩት ብሎን ግን የለም። በዚያ ላይ የቤተ ክርስቲያናችን ኳየር መሥራች ናቸው። ጉልበታቸው እምቢ እስኪል ድረስ ሃያ ሁለት ዓመት ቆመው አዘምረዋል። ይህን የምነግራችሁ ለምስጋና አይደለም፤ የሞተር ምርመራቸው ያለዚህ ስለማይገባችሁ ነው።

«አራት ሲሊንደር ማለት አራት ድምፅ ማለት ነው» ይላሉ። ሞተሩ ይነሳል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ሻጩ ምራቁን ይውጣል። አንድ ጊዜ ኮተቤ አካባቢ አንዲት ሰማያዊ መኪና ፊት ለፊት እንዲህ ቆመው ቆዩና «ሦስቱ ይዘምራሉ» አሉ። «አራተኛው አፉን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። እንዲህ ዓይነት ዘማሪ በደንብ አውቃለሁ፤ ከኋላ ረድፍ ነው የሚቆመው።» መካኒክ ተጠርቶ ሲያይ እውነትም አንዱ ሲሊንደር ላይ እሳት የሚረጨው ካንዴላ ሞቷል።

ቀጠሮ የሚይዙት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ብቻ ነው። «መኪናም እንደ ሰው ነው፤ ከእንቅልፉ ሲነሳ ነው ጠባዩ የሚታወቀው።» እንደደረሱ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋሉ። ቀዝቃዛ ከሆነ ይጀመራል። ሞቅ ካለ ግን የሻጩ ነገር አለቀ፤ ለምን ቢባል፣ በብርድ አልነሳ የምትል መኪና ያለው ሰው ነው ገዢ ሳይደርስ አስነስቶ የሚያሞቃት።

«ማን መጥቶ ነበር?» ይላሉ ጋሽ ኤጀታ፣ በጣም በትሕትና።

«ኧረ ማንም።»

«ታዲያ ለማን ሞቀች?»

ከዚያ በርጩማ ያስመጡና እስክትቀዘቅዝ ይጠብቃሉ። ሁለት ሰዓት ይፍጅ፣ ሦስት ሰዓት ይፍጅ፣ ግድ የላቸውም። ጡረተኛ ናቸው።

መገናኛ አካባቢ ያለ አንድ ደላላ ደግሞ «የዶክተር መኪና ናት» ብሎ ጀመረን። በአዲስ አበባ የሚሸጥ አሮጌ መኪና ሁሉ ወይ የዶክተር ነው ወይ ውጭ የሄደች ሴት ነው፤ የነጋዴና የሹፌር መኪና የት እንደሚገባ እንጃ። «ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት! ቆጣሪውን ይዩት፣ ስልሳ ሺህ! ዓይኔን ግንባር ያርገው!» ጋሽ ኤጀታ ቆጣሪውን ዞረውም አላዩ። ጎንበስ ብለው የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳሎቹን አዩ። ጎማቸው ተልጦ ብረቱ ያብረቀርቃል።

«ዶክተሩ ቆመውባት ነው እንዴ የሚነዱት?» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል። የፔዳል ጎማ ግን ተመልሶ አይበቅልም፤ ጻፈው» አሉኝ። ጻፍኩት። ደላላው ከዚያ ቀን ወዲህ እኛን ሲያይ መንገድ ይሻገራል።

ዋናው መሣሪያቸው ማግኔት ነው። ከቤተ ክርስቲያናችን የተቃጠለ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ያወጡት ሲሆን በነጭ መሐረብ ተጠቅልሎ ኪሳቸው ውስጥ ይኖራል። የተጋጨ መኪና ሲጠገን የጎደጎደው ቦታ ስቱኮ ይሞላና ቀለም ይቀባል፤ ለዓይን ምንም አይታይም። ማግኔቱ ላሜራ ላይ ጥብቅ ይላል፣ ስቱኮ ላይ ሲደርስ ግን ይወድቃል። ሲወድቅ ጋሽ ኤጀታ ቀስ ብለው ጎንበስ ይላሉ። አንስተው አቧራውን ይጠርጋሉ፣ ባለቤቱን ዓይን ዓይኑን ያዩና «እህም» ይላሉ። በዚህች «እህም» ስንት ሰው ከጠራው ዋጋ ላይ ወርዷል መሰላችሁ! ተመትታ፣ ተጠግና፣ ተቀብታ አዲስ የመሰለች መኪና በእሳቸው ቋንቋ «ዳግም የተወለደች» ትባላለች። «ለሰው ጥሩ ነው፤ ለመኪና ግን አይሆንም» ይላሉ። ፓስተራችን አንድ ቀን የራሳቸውን መኪና ይዘው መጥተው ይህንኑ ፍርድ ሰምተው ሄደዋል።

የመጨረሻው ፈተና እንጦጦ ነው። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። እኛ ጴንጤዎች ብቅል አንቀምስም። የሞተርን ሆድ ግን ዳገት ያወጣዋል።» ሽቅብ ሲወጣ ከኋላ መስታወት ጭሱን ያነብባሉ፦ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ትበላለች፣ ነጩ እምቢ ብሎ ከቀጠለ ውሃ ወደማይገባበት ገብቷል። ቁልቁል ሲወረድ ፍሬኑ ይታያል፤ ያኔ እሳቸው ብቻ ናቸው ዓይናቸውን የሚገልጡ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ደግሞ «መሪውን ልቀቀው» ይሉታል ሻጩን። ቀጥ ብላ ከሄደች ሻንሲዋ፣ ማለት አጽሟ፣ ደህና ነው። ወደ አንድ ጎን ከሳበች «መኪናዋ የምታስታውሰው ነገር አለ» ይላሉ።

እኔም ከአምስት ዓመት በፊት የሚያውቅ ሰው ይዤ ሄጃለሁ። አሥራ አራት መኪና ጥለውብኛል፣ አሥራ አራት! ባለቤቴ ሰርክ መጨረሻ ላይ «ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ያመራርጣል፣ አንዷን ያዝ!» ብላ ጮኸችብኝ። አሥራ አምስተኛዋ ከእኔ በሁለት ዓመት ብቻ የምታንስ ነጭ ዲኤክስ ነበረች። ጋሽ ኤጀታ ሦስት ጊዜ ዞሯት፤ ምንጣፏን ገልጠው ወለሉን በጣታቸው አሹ፤ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ውሃው ላይ ዘይት ፈለጉ፤ የሊብሬውንና የሻንሲውን ቁጥር ሁለት ጊዜ አስተያዩ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና «ክፉ አይደለችም» አሉ። በሕይወታቸው ከዚህ የበለጠ ነገር ለመኪና ተናግረው አያውቁም። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

እውነትም ክፉ አልነበረችም። ክፉው እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት ከእንጦጦ ስወርድ መንገዱ በዝናብ ረጥቦ ነበር፤ በቀኝ በኩል ካለው የኮንክሪት ምሰሶ ጋር ተላተምኩ። እኔ ጭረት አልነካኝም፤ የመኪናዋ የቀኝ ፊት ግን ተጨራመተ፣ ሻንሲዋም ታጠፈ። ወደ በያጅ የወሰዱኝ ጋሽ ኤጀታ ናቸው። ሙሉ ቀን በርጩማ ላይ ተቀምጠው «እዚህ ጋ ድገመው» እያሉ አሠሩልኝ። ቀለም ተቀባች፤ አማረች። በአጭሩ ዳግም ተወለደች።

ዘንድሮ ሰርክ ዋናው መንገድ ዳር አንዲት ሱቅ አገኘች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከማድ ቤታችን ለሰው ሠርግና ልደት ኬክ ስትጋግር የኖረች ሴት ናት፤ በር ያለው፣ ስሟ የተጻፈበት ቦታ ስትመኝ አውቃለሁ። አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቀ፤ እስከ ወሩ የመጨረሻ ሰኞ ብቻ እጠብቃለሁ አለ። ቤታችን ውስጥ የሚሸጥ ነገር ዲኤክሷ ብቻ ነበረች።

ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ ጻፍኩ። ዓመቷን፣ ቀለሟን፣ ጎማዋን በእውነት ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ አንድ ቃል ጨመርኩ፦ «አልተነካችም።»

ሰርክ ከትከሻዬ በላይ አንብባ «ተነክታለች እኮ» አለችኝ።

«ተሠርታለች!»

«ልትሸጣት መሆኑን ለጋሽ ኤጀታ ነግረሃቸዋል?»

«እነግራቸዋለሁ» አልኩ። አልነገርኳቸውም። ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ ሁለት እሑድ በተከታታይ ቤተ ክርስቲያን በር አጠገብ ተቀምጬ ቡራኬው ሲያልቅ እንደ ሌባ ሹልክ አልኩ። እንዲያ ሲያስደስተኝ የኖረው ሰውዬ አስፈራኝ።

ዓርብ ዕለት ጠይባ የምትባል ሴት ደወለች። ፈረንሳይ ገበያ ውስጥ የሀላባ በርበሬና ቆጮ ትሸጣለች፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ዓመት ሆኗታል፤ ዕቃዋን ከአውቶቡስ መናኸሪያ በሰው መኪና ማመላለስ ሰልችቷታል። የመጀመሪያ መኪናዋ ናት።

«ነገ በጠዋት ልምጣ?» አለች። «የሚያውቅ ሰው ይዤ ነው የምመጣው፤ አይከፋዎትም አይደል?»

«ኧረ በጭራሽ!» አልኩ። እዚህ ላይ ፈረንሳይ ውስጥ ስንት የሚያውቅ ሰው እንዳለ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። ድንጋጤና ችኮላ ግን ሰውን ያጃጅላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሳሁ። አስነሳኋት፣ አሞቅኋት፣ ጠረግኋት። አሥራ ሁለት ተኩል ሲል በሩ ተንኳኳ። ጠይባ ገባች፤ ከኋላዋ አንድ ባርኔጣ ገባ፤ ከባርኔጣው ሥር ጋሽ ኤጀታ ነበሩ።

መጥረጊያ ጨርቄን ከጀርባዬ ደበቅኩ። እሳቸው ግን ምንም አልደነገጡም። ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው «እንደምን አደሩ?» አሉኝ።

አደሩ!

ከጋሽ ኤጀታ ጋር አሥራ አንድ ዓመት እንተዋወቃለን። በእነዚህ ዓመታት «አንተ ልጅ» ተብያለሁ፣ «አንተ ሰነፍ» ተብያለሁ፣ በሠርጌ ቀን «አንተ ሙሽራ፣ ቀና በል» ተብያለሁ። አንቱ ተብዬ ግን አላውቅም። በቋንቋችን አንቱታ ክብር ነው ይባላል። ትናንት አንተ ሲላችሁ ከነበረ ሰው አፍ ሲወጣ ግን በር ተዘግቶባችሁ ውጭ እንደ መቅረት ነው። እንዲያ ያለ ብርድ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

«የመኪናዋ ባለቤት እርስዎ ነዎት?»

«እ... እኔ ነኝ።»

«ስምዎን ማን ልበል?»

«ጌድዮን።»

«ደስ ብሎኛል፣ አቶ ጌድዮን» አሉና መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። «ሞቃለች» አሉ፤ ለማን እንደሞቀች አልጠየቁም። በርጩማ ያመጣሁላቸው እኔው ነኝ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጡ። ከዚያ ተነስተው ጀመሩ። አንድ ነገር አልዘለሉም፤ አንድም ነገር አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። «ፔዳሉና ቆጣሪው አይጣሉም» አሉ ለጠይባ። ሞተሩ በብርዱ ሁለት ጊዜ አንኮራፍቶ ተነሳ። «ጠዋት ጠዋት ታስቸግርሻለች፤ ባትሪ ነው። አራቱም ግን ይዘምራሉ፤ አንደኛው ትንሽ አርጅቷል።» ምንጣፉን ገለጡ፤ «ደረቅ ነው።» ጠይባ እግር በእግር እየተከተለች ሁሉንም በስልኳ ትጽፋለች። ሰርክ የማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ፎጣ ትጨምቃለች፤ ፎጣው ግን ከጨመቀችው ቆይቷል።

ማግኔቱ ወጣ። የግራ ኋላ፣ ያዘ። የግራ በሮች፣ ያዘ። የግራ ፊት፣ ያዘ። በኋላ በኩል ዞረው የቀኝ በሮች ላይ ደረሱ፣ ያዘ። ከቀኝ ፊት ጎማ በላይ ያለው ፓራፋንጎ ጋ ሲደርሱ ማግኔቱን አንድ ስንዝር አራቁትና እጃቸውን አየር ላይ አቆሙ።

«ምነው ጋሼ?» አለች ጠይባ።

«ማግኔቱ ደከመው፣ ልጄ» አሉ። «እዚህ ጋ ያለውን አቶ ጌድዮን ይንገሩሽ።»

መሐረቡን ጠቀለሉና ኪሳቸው ከተቱት፤ ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ እንጦጦ ባሕር ዛፎች ማየት ጀመሩ። መዋሸት ከፈለግኩ እንዳላፍር ፊታቸውን አዞሩልኝ። «ጭረት ናት» ማለት ይበቃኝ ነበር። ሱቋ፣ ሰኞ፣ ሰርክ በር ላይ ቆማ... ዞሬ አየኋት። እሷ እኔን አልነበረም የምታየው፤ የጋሽ ኤጀታን ጀርባ ነበር።

«ተጋጭታለች» አልኩ።

አንዴ ከወጣ በኋላ ማቆም አቃተኝ። ዝናቡን ተናገርኩ፤ ምሰሶውን ተናገርኩ፤ ሻንሲው መታጠፉንና መበየዱን፣ ሜዳ ላይ መሪው ሲለቀቅ በትንሹ ወደ ቀኝ እንደምትስብ ተናገርኩ። ኮፈኑን ከፍቼ ብየዳውን በጣቴ አሳየኋት። «አልተነካችም ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኩ። ፊቴ ይቃጠል ነበር።

ጠይባ ስልኳን ኪሷ ከተተች። ጎንበስ ብላ ብየዳውን በጥፍሯ ፋቀች። የበርበሬ ነጋዴ ዓይን ከባድ ነው፤ የተቀላቀለ ነገር ሲሸጡላት የኖረች ሴት ናት።

«በዚህ ወር አራት መኪና አይቻለሁ» አለች በመጨረሻ። «አራቱም አልተነኩም ነበር። እናንተ ሰፈር ምሰሶ የሚነካ መኪና የለም ብዬ ልደመድም ነበር!» ወደ ጋሽ ኤጀታ ዞረች። «ጋሼ፣ ብየዳው እንዴት ነው?»

«ብየዳው ጥሩ ነው። እኔው ቆሜ ነው ያሠራሁት።»

«እንዴ! ትተዋወቃላችሁ እንዴ?»

«ሰውየውን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር» አሉ፣ አሁንም ወደ ዛፎቹ እያዩ። «አንቺ ግን የጠራሽኝ መኪናዋን አይቼ እንድነግርሽ ነው።»

ጠይባ በሳቅ ፈነዳች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ዋጋ መቀነስ ጀመረች፤ እንዴት ያለ መቀነስ መሰላችሁ! ለብየዳው ቀነሰች፣ ለባትሪው ቀነሰች፣ ለአንደኛው አርጅቶ ለሚዘምረው ቀነሰች፣ «አልተነካችም» ላለው ጣቴም ለብቻው ቀነሰች። ስንጨርስ የሱቁ የስድስት ወር ኪራይ ወጣ፤ የመስታወት መደርደሪያው አልወጣም። «መደርደሪያው ይደርሳል» አለች ሰርክ። ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ነበር፤ ፊቷ በርቷል።

የሽያጩ ውል ሰኞ ጠዋት እንዲፈረም፣ ቅድሚያው ግን ያኔውኑ እንዲተላለፍ ተስማማን። ጠይባ ልትሞክራት እስከ ዋናው መንገድ ይዛት ወጣች፤ ቁልቁለቱን በአንደኛ ማርሽ፣ ክላክሷን እየነፋች፣ ከፊት ለፊቷ ማንም ሳይኖር።

ግቢው ውስጥ ጋሽ ኤጀታና እኔ ቀረን። «ይቅርታ ጋሼ» አልኩ። «ለምን ቀድመው አልደወሉልኝም?»

«የሚያውቅ ሰው ብላ ነው የጠራችኝ» አሉ። «የማውቀውን ለሻጭ ቀድሜ ብሸጥ፣ እኔ ደላላ እንጂ ምን ነኝ? ዝም ቢባል ደግሞ እኔው እነግራት ነበር። ግን እንደዚያ ቢሆን ኖሮ...» አልጨረሱትም። ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፤ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄዱ። እኔ ባለሁበት ደርቄ ቆምኩ። ሄዱ በቃ፣ አልኩ በልቤ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሄደ።

በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«አንተ!» አሉኝ። «ምን ትገተራለህ? ጾሜን ልታውለኝ ነው? በዚህ ቤት ቁርስ የለም?»

አንተ። ትገተራለህ። ልታውለኝ። እያንዳንዷን ለብቻዋ ሰማኋት። ይህን ሰው እንዴት እንደምወደው ያኔ ነው የገባኝ፤ ዓይኔን እንዳያዩብኝ ወደ ማድ ቤት ሮጥኩ። ከጠዋቱ ጀምረው ግቢያችን ውስጥ ነበሩ፤ ቢሆንም ከአፌ የወጣው እንዲህ ነው፦

«ሰርክ፣ እንቁላል ጥበሺ! ጋሽ ኤጀታ መጡ!»